የመኪና ጥገና ክበብ ዘገባ፦ ካርማን ጊያውን ለምን ገዛነው?

ከመጋቢት ወዲህ ከወርክሾፑ ጀርባ፣ ዋንዛው ሥር፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ቀይ ብረት፣ ክበቡ የገዛውን አሮጌ የካርማን ጊያ መኪና፣ ያላየ የለም። «የክበቡ ገንዘብ ዝገት ተገዛበት» መባሉንም ሰምተናል። በወላጆች ስብሰባ ተነሥቷል፤ በመምህራን ሻይ ክፍል ደግሞ ሳይነሣ የዋለበት ቀን ያለ አይመስለንም። ስለዚህ የዘንድሮው ዘገባ ከዚያው ይጀምራል። የቀረው ባጭሩ ይኸው፦ ክበቡ ዘወትር ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ተሰብስቧል፤ ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታትና በፈተና ሰሞን አልተሰበሰበም፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ነው፤ የ12ኛ ክፍሎች ተሸኝተዋል፣ የ9ኛ ክፍሎች ገብተዋል።

«ዝገት» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ካርማን ጊያ ነው። ቅርፁን የነደፈው የጣሊያን ቶሪኖው ጊያ፣ አካሉን የሠራው የጀርመን ኦስናብሩኩ ካርማን፣ ሥሩ የቮልስዋገን ነው፤ ከ1955 እስከ 1974 ተመርቷል። ከውጭ ለሚያየው የእሽቅድምድም መኪና ይመስላል። የኋላ ክዳኑን ለከፈተ ግን ሁላችንም የምናውቀው ቮልስ ነው፦ ያው በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ ያው ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን)፣ ያው የፊት እግር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የዚያው ዓመት ቮልስ 1300 አለው፤ አንድ የቀድሞ ተማሪ የሰጠን፣ ሞተሩ ዘይት የሚጠጣ፣ ፍሬኑ የማይታመን መኪና። ካርማን ጊያውን የገዛነው ለዚህ ቮልስ ዕቃው እንዲፈታለት ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ በሚሳሳበት በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። የ1300ው ሞተር ገና ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቤዛዊት ኮረብታን አራት ሰው ጭኖ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው የተሳፈረ ያውቃል። የካርማን ጊያው ሞተር 1500 ነው፣ 44 የፈረስ ጉልበት፤ በዚያ ላይ ፊቱ ዲስክ ፍሬን ነው። ሁለቱም ያለ ብየዳ ወደ ቮልሳችን ይገባሉ። ሞተሩን ለብቻው፣ ዲስኩን ለብቻው ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጠይቀን ነበር፤ የሁለቱ ድምር ከሙሉው መኪና ዋጋ በለጠ።

«ታዲያ ለምን አልጠገናችሁትም? ቅርስ አይደለም ወይ?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቮልስ አራቱም ፓራፋንጎው (የጎማ መከለያው) በቡሎን የታሰረ ነው፤ ሲዝግ ተፈትቶ ሌላ ይገባል። የካርማን ጊያ ፓራፋንጎና አፍንጫ ግን ተበይዶ፣ መጋጠሚያው በእርሳስ ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ አንድ አካል የሆነ ነው። አፍንጫው የበሰበሰ ካርማን ጊያ ተቆርጦ እንደገና በእጅ መቀጥቀጥ አለበት። የኛው አፍንጫ የፊት መብራቶቹ ሥር ድረስ ሄዷል፤ በሮቹ ሥር ያለው የሻንሲ ሣጥንም እንደዚሁ። ይህን ለማስነሣት የሚወጣው ገንዘብ ለክበቡ የብዙ ዓመት በጀት ነው፤ በጀት ከተባለ።

ጥፋቱን ሁሉ በሐይቁ ላይ ማሳበብ የተለመደ ነው። ጣና ግን ጨው የለውም። መኪናውን የበላው አፈር ላይ መቆሙ ነው፤ ከዛፍ የረገፈው ቅጠልም የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ዘጋ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በሮቹና ሣጥኑ ውስጥ ታቁሮ ከረመ። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ መኪና ካለ አራቱንም እግር ድንጋይ ላይ አውጡት፣ የበሮቹን ሥር ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። ወጪ የለውም።

ለዕቃ የሚገዛ መኪና ሲመረመር ተማሪዎቹ የተከተሉት ቅደም ተከተል ለሌላም ስለሚጠቅም እዚህ ይስፈር። መጀመሪያ ሊብሬው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ቱቦ ላይ ተመትቷል፤ በዚያ ዘመን መኪና የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 14 ከሆኑ ካርማን ጊያ፣ 11 ከሆኑ ቮልስ ነው፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፣ 7 ማለት 1967። ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ወሬው እዚያው ያበቃል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው፤ በኤች ከጀመረ 1500፣ በኤፍ ከጀመረ 1300። ይህ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ያልቀየረ ቮልስ ጥቂት ነው፤ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በአካሉ ላይ ይዞራል፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ካቻቪቴ በበሩ ሥር ይወጋል። ከዚያ መኪናው በጎኑ በክሪክ ይነሣና በሩ ይከፈታል፤ በሩ ከተጣበቀ ወይም ከወረደ ሣጥኑ ሞቷል፣ መኪናው መሐሉ ላይ እየታጠፈ ነው። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና ወለሉን ይበላል፤ ካርማን ጊያ ላይ ግን ሞተር ክፍል ውስጥ ስለሆነ አሲዱ የሚበላው የባትሪ መቀመጫውን ነው። የኛው መቀመጫ ተበልቶ ባትሪው በገመድ ታስሮ ነበር።

የግዢ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ለደብተርና ለጠመኔ መልካም ደንብ ነው። በባሕር ዳር ሦስት የተጣለ ካርማን ጊያ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያውቅ ካለ ግን ክበቡ በአክብሮት ይጠይቃል። በመጨረሻ ጉዳዩ በወላጅ ኮሚቴ ውሳኔ አለፈ፤ ለዚህ እናመሰግናለን።

መኪናው የነበረው ሽምብጥ በኩል፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሲቆም ሞተሩ ገና ተሠርቶ እንደነበር ነገሩን። ይህን የማይል ሻጭ ስለሌለ ማንም አላመነም። አብሮን የሄደው መካኒክ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዞ ሞተሩን ለማዞር ሞከረ፤ ቮልስ የሚዞረው በተለምዶ እንደዚያ ነው። ንቅንቅ አላለም። «ነክሷል» ተባለ፤ ውስጡ ተጣብቋል ማለት ነው። የነከሰ ሞተር ዋጋ የብረት ዋጋ ነውና ከዚያ በኋላ የነበረው ድርድር በዚያ ላይ ቆመ፤ ባለቤቱም ትንሽ አንገራግረው ዝቅ አሉ።

እጅ ለመመታታት ሲቃረብ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከመኪናው ኋላ ተንበርክካ ነበር። ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ (ቀበቶ) አወጣች፤ ለዚህ ካቻቪቴ በፑሌጃው (ቺንጋው በሚዞርበት መዘውር) ጉድጓድ አስገብቶ ዳዶውን መፍታት ይበቃል። ከዚያ 30 ቁልፍ ይዛ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ከሥር ሞከረችው። ዞረ። ደግሞ አዞረችው፤ በየግማሽ ዙሩ እኩል እየከበደ፣ እኩል እየቀለለ፣ ሙሉ ዙር ሄደ። ፑሌጃውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበች፣ ወደ ፊት ገፋች፤ ኳ የሚል ድምፅ የለም፣ ማለት ከቮላኖው (በኮሎው ሌላ ጫፍ ካለው ከባድ መዘውር) በኩል ያለው ዋና ብሮንዚን (ኮሎው የሚዞርበት መደገፊያ) አልተበላም። ነክሶ የነበረው የአየር ማራገቢያው ነው፤ ማራገቢያው ዲናሞው ላይ ስለታሰረ፣ አይጥ ሽፋኑ ውስጥ ጎጆዋን ሠርታ አንቃዋለች።

ዝም ብትል ክበቡ ጥሩ ሞተር በብረት ዋጋ ይወስድ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሞተርዎ ደህና ነው፤ ማራገቢያው ነው የታነቀው» አለቻቸው። ከኋላ ጓደኞቿ ቀሚሷን ሲጎትቱ ታይተዋል። ሰውዬው ቁልፉን ተቀብለው ራሳቸው አንድ ዙር አዞሩት። ከዚያ፣ «እኔም ብያችሁ ነበር» አሉና፣ ቀጥለው፣ «የተባለው ዋጋ ይበቃል ልጄ፣ ለናንተ ትምህርት ይሁን» አሏት። ክበቡ ምን ያስተምራል ለሚሉ፣ የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ጠይቁ። በኋላ ሰዓት በሚመስል ባለ መርፌ መለኪያ ስንለካው የኮሎው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንቅስቃሴ 0.11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13፣ መጨረሻው 0.15 ነው። እጇ ልክ ነበር።

መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭነን አመጣነው፤ መንገድ ላይ ባጃጆች እየቆሙ ፎቶ አንሥተውታል። ሲፈታም ቅደም ተከተል አለው። የኋላ ታምቡር (የፍሬን ከበሮ) ዳዶ 36 ነው፣ የሚጠብቀውም በ300 ኒውተን ሜትር ነው፤ መኪናው ክሪክ ላይ ወጥቶ ይህን ለመፍታት የሚሞክር መኪናውን ራሱ ላይ ይጥላል። ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሜትር ቧንቧ ቁልፉ ላይ ተሰክቶ ይላቀቃል። መልሶ ሲታሰርም በዚያው ቧንቧ ጫፍ 30 ኪሎ ያህል ጫና ልኩን ይሰጣል፤ የዚያን ያህል የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ ስለሌለን እንዲህ ነው ያስተማርነው። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚይዙት አራት ባለ 17 ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱ በፊት የነዳጅ ጎማው (ቱቦው) ይታነቃል፣ ምክንያቱም ታንኩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ቤንዚኑ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ ገና ሳይላቀቅ ከወረደ ክብደቱ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ይንጠለጠልና የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምመዋል።

ፍሬኑ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ዲስኩን ወስዶ የቮልሱን አሮጌ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) መተው አይቻልም። የታምቡር ፍሬን ማስተር ሲሊንደር መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ያ ቀሪ ግፊት ዲስክ ላይ ሲደርስ ሸራው ዲስኩን አይለቅም፣ እየሄደ ይግላል፣ በመጨረሻም ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ማስተር ሲሊንደሩ ከዲስኩ ጋር አብሮ መጣ። ቴስቲናዎቹ (የፊት እግር መጋጠሚያዎች)፣ ጎማው የሚታሰርበት ዘንግና ካሊፐሩም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ባንድነት። የካርማን ጊያው ቸርኬ ባለ አራት ቡሎን፣ የኛው ቮልስ ባለ አምስት ስለሆነ የኋላ ታምቡሮቹና አምስቱም ቸርኬዎች ተወስደዋል፤ አለዚያ ተቀያሪ ጎማው ለፊት ወይ ለኋላ ብቻ ይሆን ነበር። የፍሬን ጎማዎቹ (ዘይቱ የሚያልፍባቸው ተጣጣፊ ቱቦዎች) ግን ለመጣል ነው የተፈቱት። ያረጀ የፍሬን ጎማ ውስጡ አብጦ እንደ ቫልቭ ይሠራል፤ ዘይቱን ያሳልፍና አይመልስም።

ለቮልስ የማይሆነው፣ ለካርማን ጊያ ባለቤት ግን ወርቅ የሆነው ዕቃ ተሸጧል፦ የጎን መስታወቶች፣ የኋላ መብራቶች፣ ፓራውልቱ፣ የአፍንጫው ኒኬል ማስጌጫዎች። ከግዢው ዋጋ ግማሽ ያህሉ በዚህ ተመልሷል። ሒሳቡ ከነደረሰኙ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ በሻይ ክፍል የሚነገረውን ሒሳብ ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ወለሉ ወደ ቮልሱ አልሄደም፤ የካርማን ጊያ ወለል ከቮልስ ስለሚሰፋ አካሉ አይቀመጥበትም።

ያልተሳካም አለ። የፊት መስታወቱ ሲወጣ ተሰነጠቀ፤ የደረቀ ጎማ በምላጭ ተቆርጦ መውጣት ሲገባው በካቻቪቴ ተፈልቅቋል። ሁለት የማርሚታ ፕሪጆኒየሮች (የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ቡሎኖች) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተሰብረዋል፤ ለቶርኖ ቤት ከፍለን አስወጣናቸው። አንዱ የካሊፐር ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል፣ አዲስ ጎሚኒ (ዘይት የማያሳልፍ የጎማ ቀለበት) እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ቮልሱ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ይነዳል ያልነው አልሆነም፤ ሞተሩ ግን ተገጥሞ ተነሥቷል። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለበሱ። የከፍታው ጉዳይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው የባሕር ጠለል ጀት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ቤንዚን ያበዛል። የሶሌክስ ካርቡራተር ጀት ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር፤ አነስ ያለ ቁጥር ሲገባ ካንዴላው ቡናማ ሆነ። ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.10 ላይ ተለክተዋል፤ ይህን አሁን አራት ተማሪዎች ያለ ረዳት ይሠሩታል።

ይህ ሁሉ የተሠራው በአንድ ክሪክ፣ በተዋስነው ቁልፍ ስብስብና መብራት ሲኖር ብቻ በሚሠራ ድሪል ነው። የእግር ኳስ ክበቡ ዘንድሮ ሁለተኛ ሙሉ ማልያ አግኝቷል፤ እንኳን ደስ አላችሁ እንላለን፣ የምር። እኛ የምንፈልገው አራት ጠንካራ የመኪና ማቆሚያ እግር ነው፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ልጅ አናስገባም፤ ብዙ ረቡዕ የባከነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቶርክ ቁልፍ፣ አራት 165 አር 15 ጎማ፣ የካሊፐር ጎሚኒና ሁለት ሊትር የፍሬን ዘይት። ያገለገለ ቢሆንም ከጎማው፣ ከጎሚኒውና ከፍሬን ዘይቱ በቀር እንቀበላለን። ዕቃ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ በጀርባው በር፣ በወርክሾፑ በኩል ግቡ። ዋንዛው ሥር ያለው ባዶ አካል በመስከረም ለላሜራ ብየዳ መለማመጃ ተቆራርጦ ይነሣል፤ ቀኝ በሩ ግን ደህና ስለሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፈላጊ ካለ እናቆየዋለን።