ልጁ ቆሞ ነበር፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። ከእርሱ ቀጥሎ የማመሰግናችሁ ሰዎች ብዙ ናችሁ። የአንዳችሁንም ስም እዚህ አልጠራም፤ በእኔ ምክንያት እስካሁን የሰው መነጋገሪያ የሆናችሁት ይበቃል። ቃሌን ስታነቡ ግን የቱ ለማን እንደተባለ ታውቁታላችሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የአንድ ልጅ የሰባት ዓመት ተዝካር ሲወጣ ከእናቱ ቤት ተገኝቼ፣ ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጬ ጠበል ጻዲቁን ቀምሻለሁ። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳልሸፋፍን ለመጻፍ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምስጋናዬም እንዲህ እንድጽፈው ላበቁኝ ሰዎች ነው።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. አይሱዙ እነዳ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ሌሊቱን ጣርማ በርን ወጣሁ፤ ሲነጋ ደብረ ብርሃንን አለፍኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳገቱና ጠመዝማዛው ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ሳያስከድን ያቆይና ሜዳው ላይ ሲደረስ ሰውነት ይላላል። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። ስልኬ ጠራ፤ ሽንኩርቱን የሚረከበው ደላላ ነው። ላነሣው ስል ከእጄ አምልጦ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩት። ቀና ስል መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ነበር፤ ልጁ ፊት ለፊቴ ነበር።

አይቼዋለሁ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዱላውን በትከሻው ላይ አግድሞ፣ ሁለት እጆቹን ዱላው ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። በጎቹን ከኋላው ሰብስቦ መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። 11 ዓመቱ ነበር።

ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው «በግ ተከትሎ ዘሎ ገባብኝ» የሚል ቃል ነው። መጀመሪያ ስናገረው አስቤበት አይመስለኝም፤ ከዚያ በኋላ ያጸናሁት ግን አስቤ ነው። ለፖሊስ ያልኩትን ለፍርድ ቤት ደገምኩት። በፍጥነት ማሽከርከሬ ተቆጥሮ፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሁለት ዓመት ተፈረደብኝ። ከፍርዱም በፊት፣ በዋስ ወጥቼ ሳለሁ፣ የልጁ አርባ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ከቤተሰቤ ጋር ሄደው አስታርቀውን ነበር። የሦስተኛ ወገን መድን በዚያን ጊዜ ለሞት የሚከፍለው ቢበዛ 40 ሺህ ብር ነው፤ ቤተሰቤ ያለውን ጨመረበት። እናቱ ገንዘቡን አልቆጠሩትም። «እግዚአብሔር ያመጣውን ምን አደርገዋለሁ» አሉ፤ መስቀል ተሳልመን ተለያየን። ታረቅን ተባለ። እርቁ የቆመው ግን በውሸቴ ላይ ነበር። እናት ይቅር ያሉት ልጅ ዘሎ የገባበትን አንድ ምስኪን ሾፌር ነው። እኔን ማንም ይቅር አላለኝም፤ ማን መሆኔን መቼ አወቁና።

በማረሚያ ቤት ዳዊት ያስደገሙኝን አዛውንት አመሰግናለሁ። መዝሙር 50ን በቃሌ የያዝኩት ከእርሳቸው ነው። «ኀጢአቴም ሁልጊዜ በፊቴ ነውና» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይቋረጥ ነበር፤ እርሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ቀጣዩን ራሳቸው ይሉልኛል። ሊያጽናኑኝ ብለው ኦሪት ዘዳግም 19ን አነበቡልኝ፦ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ገብቶ ሳለ የመጥረቢያው ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። ያቺን ምዕራፍ ይዤ ብዙ ሌሊት አድሬባታለሁ። የመጥረቢያው ሰው እኔ ነኝ እያልኩ።

ከወጣሁ በኋላ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ አንተ ሰበብ ሆንክ እንጂ» ይለኝ ነበር። ከፍቅር የተባለ ነው፤ ያላችሁኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይህ ቃል በተባለልኝ ቁጥር የበለጠ እየጠበበኝ ሄደ። መንዳት ተውኩ። በእንቅልፌ ፍሬን ስረግጥ ባለቤቴ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ታነቃኝ ነበር፤ እንዲህ ስታደርግ ዓመታት አለፉ፣ አንድም ቀን ሰለቸኝ አላለችም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከቅጽሩ ጥግ፣ ከጥዱ ሥር ቆሜ ቅዳሴው ሳያልቅ እመለሳለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት ስግደቱ አልቆ ምእመናን ለጥብጠባ ሲሰለፉ እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ለንስሐ አባቴ ጀርባዬን ሰጠሁ። «ምን አለብህ?» አሉኝ። የለመድኩትን ተናገርኩ፤ ልጅ ዘሎ ገባብኝ፣ ሰው ሞተብኝ። ወይራው ጀርባዬ ላይ አላረፈም። ለሌላው ሰው ሁሉ የስግደት ቁጥር ሲሰጡ ለእኔ «ከትንሣኤ በኋላ ቤት ና» ብቻ አሉኝ።

ሄድኩ። የመጥረቢያውን ነገር አነሣሁላቸው። አባ ዝም ብለው ሰምተው፣ «ብረቱ ወልቆ ነው ወይስ አንተ ዛቢያውን ለቀኸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩና ስልኩን፣ ጎንበስ ማለቴን፣ ዱላውን፣ የቆመውን ልጅ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። «አይዞህ» አላሉኝም። አባ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ያን ቀን «አይዞህ» ስላላሉኝ አመሰግንዎታለሁ። «ይህን ለእናቱ ነግረሃቸዋል?» ነው ያሉኝ። መባህን ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትመጣ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ብታስብ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለውን የጌታን ቃል በዝግታ አነበቡልኝ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበርና ጾምም ስግደትም የለም። «ቀኖናህ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ይጀመራል፤ እስከዚያ ግን ሌላ ሥራ አለብህ» አሉኝ። ቀኖና ለኀጢአት የሚከፈል ዋጋ እንዳልሆነ፣ ዋጋውን ክርስቶስ በመስቀል ላይ እንደከፈለው፣ ቀኖና የታመመችውን ነፍስ ማስታመሚያ መሆኑን ያስረዱኝም ያኔ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ስግደት በቆጠርኩ ቁጥር ዕዳ የምከፍል ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን የይሁዳን ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ተጸጽቷል፤ 30ውን ብር መልሷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ ብሎ በአንደበቱ ተናግሯል። የሰሙት ካህናት «እኛስ ምን አግዶን?» አሉት። ጴጥሮስም ክዶ መራራ ልቅሶ አልቅሷል፤ እርሱ ግን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፤ እንደ ክህደቱ ቁጥር። ይሁዳ በጌታው ዘንድ ምሕረት ሳያጣ የተናዘዘው ምሕረት በሌላቸው ሰዎች ፊት መሆኑ ልቤን ይበላኛል። እኔ የሄድኩባቸው ሰዎች ምን አግዶን አላሉኝም።

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ያው ሽማግሌዎች እንደገና ተለመኑ። በመጀመሪያው እርቅ አታለልኸን ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ እውነት ነበራቸው። ሁለቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ የእርሻ ሥራ ሳያግዳቸው በእግራቸው መጡልኝ። ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ከእናቱ ደጅ ተንበረከክኩ። እንዲህ አልኩ፦ «ልጅዎ ዘሎ አልገባም። ቆሞ ነበር። ከመንገድ የወጣሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

እናት ምንም አልተናገሩም። ከበሩ መቃን ተደግፋ ትሰማ የነበረችው እህቱ ናት የተናገረችው።

«ቆሞ ነበር?»

«አዎ፣ ቆሞ ነበር።»

«በጎቹስ?»

«ከኋላው ሰብስቧቸው ነበር። አንድም አልወጣም።»

ልጅቱ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች። ያን ቀን ጠዋት በጎቹን የሚጠብቁት ሁለቱም ነበሩ፤ እርሷ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። «እኔ ብኖር ኖሮ በጉን መልሼው ወንድሜ አይሞትም ነበር» እያለች አምስት ዓመት ተኩል ኖራለች። ያን ጠዋት 14 ዓመቷ ነበር። የእኔን ኀጢአት ስትሸከም የኖረችው እርሷ መሆኗን ያወቅኩት እዚያ ደጅ ላይ ነው። እህቴ፣ ለዚህ የሚሆን ቃል አላገኘሁም። በኋላ ውኃ በጣሳ አምጥተሽ ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥተሽልኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

እናት ግን «ዛሬ አልችልም፤ ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ። መብታቸው ነበር። ዐሥር ወር ጠበቅኩ። በዚያ ዐሥር ወር ውስጥ ይገርመኛል፣ ፍሬን የምረግጥበት ሕልም ቀነሰ። ገና ይቅር አልተባልኩም፤ ነገር ግን የሚጠሉኝ እኔን ነበር፣ እውነተኛውን እኔን።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መልእክት ላኩብኝ። «ቂም ይዤ ሥጋ ወደሙ አልቀበልም፤ ይምጣ» ብለው። እናቴ፣ ያን ቀን ያሉኝን እንዲህ በአደባባይ ልድገመው፤ ፈቅደውልኛልና። «ልጄን መቃብሩ ላይ ሆኜ እንኳ ስንቴ መንገድ አትግባ አልኩህ እያልኩ ስቆጣው ኖሬአለሁ። ሳያጠፋ ወቀስኩት። እኔም ይቅርታ የምጠይቀው አለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ «ዛሬም ንዴቱ ሲመጣ ይመጣብኛል፣ አልዋሽህም። ግን ስለ ክርስቶስ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ሲመጣብኝም እንደገና እልሃለሁ» አሉኝ። ስብከት ብዙ ሰምቻለሁ። ይቅርታን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

ዳግም መከሰስ ቢያስፈልግም ፈቃደኛ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ለፖሊስም ቃሌን አስተካክዬ ሰጥቻለሁ። እርሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ውሸቱን በነገርክበት ሁሉ እውነቱን ንገርልኝ።» በሰንበቴው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ይህም ጽሑፍ ለዚያው ነው። ወሬው የደረሰው ሁሉ ይህም ይድረሰው፤ ልጁ ቆሞ ነበር፣ በጎቹንም በሚገባ ይጠብቅ ነበር።

በታሰርኩበት ዘመን ልጆቼን ያልረሳችሁ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሥራ የሰጠኝ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ስለ እኔ ሁሉን አውቀህ ስለ ቀጠርከኝ አመሰግንሃለሁ። አብረን ለነዳን ሾፌሮች አንድ ልመና አለኝ፤ ስልካችሁን ከመነሣታችሁ በፊት አጥፉት፣ ደላላው ይጠብቅ።

በተዝካሩ ዕለት ጸሎቱ ሲጀመር እናት ወደ እኔ ጎንበስ ብለው የልጁን የክርስትና ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የማውቀው የቤት ስሙን ብቻ ነበር፤ በዚያ ስም ደግሞ ጸሎት አይደረስም። «አንተም አስበው» አሉኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሰጡኝ ለጸሎት ነው። ማታ ማታ ከልጆቼ ስም ቀጥዬ እጠራዋለሁ።