የሻከረ ጩኸት ሁሉ ብርድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት እንስሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የውሻ ጩኸት ከሻከረ «በርዶት ነው፤ ሙቅ ቦታ አስተኙት» ብላችኋል። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዕድሜው ለገፋ ትልቅ ውሻ፣ በተለይ ላብራዶር ለሚባለው ዝርያ፣ ይህ ምክር አደጋ አለው።

ለምን መሰላችሁ? ድምፅ የሚወጣው ከማንቁርት ነው፤ ትንፋሽም የሚያልፈው በእሱ ነው። ማንቁርትን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱም በራሳቸው አይነሡም፤ ከአንጎል በነርቭ በኩል ትእዛዝ መምጣት አለበት። ትእዛዙ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቀቃል። ያኔ ጡንቻው ይኮማተራል። እግርም የሚራመደው እንዲሁ ነው።

የማንቁርቱ ነርቭ መንገድ ግን ጉድ ነው። ማንቁርቱን አልፎ ደረት ውስጥ ይገባል። የግራው ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ይዞርና በአንገት በኩል ተመልሶ ይወጣል። ቀጭኔ ላይ ይህ ዙሪያ ጥምጥም ሜትሮች ይፈጃል። አንጎሏና ማንቁርቷ ጎረቤት ሆነው ሳለ!

ረጅም ነርቭ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ሲጋልቡ ትንፋሻቸው የሚያጓራ ትላልቅ ፈረሶች አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሰንፈው የግራው ነርቭ ነው። ማንቁርቱን በጣቶቼ ስዳስስ በቀኝ በኩል ሞላ ያለ ጡንቻ አገኛለሁ። በግራ ግን ጡንቻው መንምኖ የልም አጥንቱ ጫፍ ይጎረብጠኛል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጋለን የተባለው ሐኪም ሮም ውስጥ በሕዝብ ፊት የአሳማ ማንቁርት ነርቮችን ቆርጦ አሳይቷል። አሳማው መንፈራገጡን አላቆመም፤ ጩኸቱ ግን ጠፋ። (አሳማው ያሳዝናል፣ ምን ይደረግ።) ድምፅ የሚመነጨው ከልብ ነው ይሉ ለነበሩት መልሱ ያ ነበር።

ወደ ውሻው ልመለስ። ነርቩ ሲደክም ማንቁርቱ በደንብ አይከፈትም። ጩኸቱ ይሻክራል፤ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ባለቤቱ ስለ ድምፁ ሲያወራኝ እኔ የኋላ እግሮቹን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፍሮቹ መሬት እየፋቁ ተበልተዋል። ወደ ኋላ እግር የሚሄዱት ነርቮችም ረጃጅም ናቸውና ያው በሽታ እነሱንም ያዳክማል። «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ።

ውሻ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ማንቁርቱ ካልተከፈተ ሙቅ ቦታ ማስተኛት ማፈን ማለት ነው። ስለዚህ እባካችሁ ምክሩን በሚቀጥለው እትም አርሙት። እንዲህ ያለ ውሻ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይረፍ። ማሰሪያው አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ይሁን። ምላሱና ድዱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው፤ ነገ አይባልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ