ወንድሜን ማሙሽን እዚህ እንግሊዝ ስለማምጣት

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል?

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «እንግሊዝ ሐኪም ያለበት ቤት አለ አሉ፤ ማሙሽን ወስደሽ አስገቢልኝ፤ እኔ ደክሜያለሁ።» ያኔ ዝም አልኩሽ። በጽሑፍ ይሻለኛል።

የምሠራበት የእንክብካቤ ቤት የሚኖሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ያደገው ከድሮዎቹ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባንዱ ነው። እስከ ዛሬ ሲበላ ሳህኑን በክንዱ ይከልላል። የሚነጥቀው የለም። ግን ይከልላል።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ ኧርልስውድ ነው። በፈረንጅ 1855 ሲከፈት «የጅሎች መጠለያ» ነበር የሚባለው። የማሙሽ ነገር፣ ዳውን ሲንድሮም የሚሉት፣ የተሰየመበት ዶክተር ዳውን የዚያ ቤት አለቃ ነበር፤ እንደ ማሙሽ ያሉትን ለይቶ የጻፈው በ1866 ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሙያ አስተምሮ ወደ ቤት መመለስ። ብዙዎቹ ግን እንደገቡ ቀሩ።

በ1941 የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለት የአጎት ልጆች ሳይቀሩ እዚያ ገቡ። በመኳንንቱ የዘር መዝገብ ላይ ሞተዋል ተብሎ ተጻፈ። በሕይወት እያሉ! ጉዱ የወጣው በ1987 ነው። ይህን ሳነብ ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? እኔው። ከዚራ እያለን እንግዳ ሲመጣ «ማሙሽን ጓዳ አስገቢው» የምልሽ። አንቺ ደግሞ ሆን ብለሽ የቡና ቁርሱን እሱን ታስዞሪው ነበር።

ኧርልስውድ በ1997 ተዘጋ። አሁን አፓርታማ ሆኗል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቤልጂየም ውስጥ ጌል የምትባል ከተማ አለች። ቁልቢን አስቢ። ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተክርስቲያን ፈውስ ፍለጋ የሚመጡ የአእምሮ ሕሙማንን ነዋሪው ቤቱ ያሳድር ነበር። ልማዱ ከመካከለኛው ዘመን አንስቶ ዘለቀ፤ በ1930ዎቹ በየቤቱ የሚኖሩት ሕሙማን በጠቅላላው ከ3,000 በላይ ነበሩ። ግን ልብ በይ፤ አስተናጋጆቹ አበል አላቸው፣ ሲቸግር የሚጠሩት ሆስፒታልም አለ።

አንቺ አርባ ዓመት ብቻሽን ነሽ። ለሠርግ ሐረር ሄደሽ እንኳ አድረሽ አታውቂም። እኛ ብር ልከን ተገላገልን።

ማሙሽ የትም አይሄድም። የጎረቤት ልጅ ጠይቂልኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ትምጣ፣ ደሞዟ በኔ። ጥር ላይ እመጣለሁ። አንቺ ሐረር እህትሽ ጋ ትሰነብቻለሽ፤ እኔ ከሱ ጋር እቀራለሁ። የሚያመውን፣ የሚፈራውን፣ ሬዲዮ ካልተከፈተ ለምን እንደማይተኛ ታስተምሪኛለሽ። ታላቅ እህቱ ሆኜ አንዱንም አላውቅ!

እስከዚያ ከመጋላ ሙሸበክ ግዢለት። ሁለት ብቻ። ሦስተኛ ከሰጠሽው ለኔ መንገሩ አይቀርም።

ልጅሽ