ለጅቡ ቁርበት ይነጠፍለት

ለሐረሪ ክልል ባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ
ሐረር

ጤና ይስጥልኝ። የሐረር ነዋሪና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጅብ ነው።

ሰሞኑን ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ ግቢ፣ ወጣቶች በእጃቸው የሠሯቸውን እንስሳት እያሳዩ ነው። ጅብ፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ዝንጀሮ፣ ኤሊ፣ ቀጭኔ። አንዳንዶቹ ከአያቶቻችን ተረት የወጡ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከቴሌቪዥን። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁ። ሁለቱን ቀን ልጆቼን ይዤ ነበር፣ ሦስተኛውን ብቻዬን።

ጅቡ እንደገባችሁ በስተግራ ነው። አጥንቱ ሽቦ ነው፤ ሥጋው በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት፤ ቆዳው የቡና ጆንያ። ቀረብ ካላችሁ ጆንያው አሁንም ቡና ቡና ይሸታል። ነጠብጣቡን በከሰል ነው የቀቡት። የፊት እግሩ ከኋላው ረዘም ይላል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። እንዲህ አድርጎ የሚሠራው ማታ ማታ ጅብ በደጁ ሲያልፍ እያየ ያደገ ልጅ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት አዛውንት እናት መጡ። ከዘራቸውን ለልጄ አስያዙና የጅቡን ጆሮ በሁለት ጣታቸው ዳበሱት። «ወራባ» አሉ፣ ዝግ ብለው፤ በሐረሪ ጅብ ማለት ነው። ከዚያ እዚያው መደብ ላይ አረፍ ብለው ማውራት ጀመሩ። የጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ለምን እንደተተወለት። በአሹራ ቀን ገንፎ እንደሚቀርብለትና፣ ጥሩ አድርጎ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል እንደሚባል። ልጆቹ ዙሪያቸውን መሬት ላይ ቁጭ ብለው አፋቸውን ከፍተው ሰሟቸው። ስልክ ያወጣ አልነበረም። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። የገንፎውን ነገር እንዲያ አጣፍጦ የነገረኝ ሰው ግን አላገኘሁም ነበር።

የዝሆኑ ጆሮዎች ሁለት ያረጁ ሰፌዶች ናቸው። የአንበሳው ጎፈር መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች የተለቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፤ ጥቁር ጥቁሩን የመረጡት ለባቢሌ አንበሳ ብለው ነው። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህም ሩቅ አይደለም። ልጆቼ ግን ዝሆን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ ልጆች ሳለን በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉ ሁላችንም ብድግ ብለን ሰላምታቸውን እንመልስ ነበር። አንበሳው ሲያገሳ፣ ጦጣዋ ስትሸውድ የምንሰማው በእሳቸው ድምፅ ነው። መልኩን የምንስለው እኛው በየጭንቅላታችን ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ ፀሐይን አላቸው፣ መማር የምትወደዋን ቀጭኔ። እሷም በእጅ የተሠራች አሻንጉሊት ናት። ትንሿ ልጄ ግቢው ውስጥ የቀጭኔዋን አንገት አቅፋ አልለቅም ብላ ስንት ለመንኳት።

ወጣቶቹ ቋሚ ቦታ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር። «ይሄማ የልጆች መጫወቻ ነው» ተብለው ተመለሱ። ሲነግሩኝ ሆዴን በላኝ። የልጆች መጫወቻ ቢሆንስ? ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግንቡን የሚወርሱት እኮ እነዚሁ ልጆች ናቸው። የቀዳዳውን ታሪክ ካልሰሙ ግንቡ ለእነሱ ድንጋይ ብቻ ነው።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው ግን በገዛ አገሩ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ ልጠይቅለት።

አንድ የማያፈስ ክፍል ስጧቸው። ትልቅ መሆን የለበትም፤ ሰፋ ያለ በረንዳም ይበቃል። ልጆች በነፃ ይግቡ፣ እንስሳቱንም ይንኩ። «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ እባካችሁ እንዳይለጠፍ፤ የተሠሩት ለመነካት ነው። ከየእንስሳው አጠገብ ተረቱ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ እኚያ እናት ያሉ አዛውንቶች መጥተው ያውሩ፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። ወጣቶቹም ቢሆኑ ሽቦና ሙጫ የገዙት ከኪሳቸው ነው። ለምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከዚህ የተሻለ ነገር በትንሽ ገንዘብ ይሠራል ብዬ አላስብም፤ ከድሬዳዋና ከጅግጅጋ የሚመጡ ተማሪዎችም ያዩታል።

መጥታችሁ እዩት። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ያኔ ነው። ብቻ አትዘግዩ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ የግቢው ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ወረቀት ደግሞ ውሃ አይችልም። ባለፈው ሳምንት ካፊያ ጥሎ የጅቡ አንድ እግር ረጥቦ ነበር። ልጆቹ ፀሐይ ላይ አውጥተው አደረቁት።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች አባት፣ ከሸንኮር