አጥር ወይስ ደንብ? የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ሥራ ዘንድሮ በክርክር ነው የተጀመረው። ርዕሱ «ተፈጥሮን ለመጠበቅ ሰውን ማራቅ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የሚል ነበር። አብዛኛው ልጅ «ያስፈልጋል» ብሎ ተሰለፈ። አይገርምም፤ ፓርክ ሲባል ቶሎ የሚታየን አጥርና ዘበኛ ነው። ስለዚህ ሰው ለዘመናት እያረሰ፣ እያጨደና ዓሣ እያሰገረ የብዙ ፍጥረት መኖሪያ ሆነው የቆዩ ቦታዎችን ለማጥናት ወሰንን።

ብዙ ጊዜያችንን የወሰደው በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ሣር ሜዳ ነው። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለቤት ክዳን ያጭዳል፣ ከብቱንም እዚያ ያሰማራል። ግን እንዳሻው አልነበረም። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም በዚሁ መሃል ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ ግጦሹና አጨዳውም ልጓም አጡ። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «እና እዚያ አጥሩ ደንቡ ነው ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። እኔ በሁለት ክፍለ ጊዜ ካስረዳሁት ይልቅ የእሷ ጥያቄ ነገሩን አቀለለው። የድሮውን ሥርዓት ግን እንዲያው ማሞገስም አልፈለግንም። የመጠቀም መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለነበር ከዚያ ውጪ የቀረው ሰው ብዙ ነው። በዚህ ላይ የነበረው ጭቅጭቅ ደወሉን አልሰማ ብሎ ቀጠለ!

ቀጥሎ ወደ ጃፓን ተሻገርን። እዚያ መንደር፣ የሩዝ ማሳ፣ ኩሬና ጫካ ተያይዘው የሚገኙበትን ገጠር ሳቶያማ ይሉታል። ገበሬው ለማገዶና ለከሰል ዛፉን በየተራ ይቆርጣል፤ ጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጋዝና ነዳጅ ሲመጡ ቆራጭ ጠፋ። ጫካው ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን የሚወዱ አበቦችና ቢራቢሮዎች ቀነሱ። ልጆቹ ይህን ለመቀበል በጣም ተቸገሩ። ዛፍ በዛ ተብሎ እንዴት ይታዘናል? በቶዮካ ከተማ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በጃፓን ሽመላ ከዱር የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የማሳ ፀረ ተባይ ነው። በ2005 ወፎቹ እንደገና ሲለቀቁ የቶዮካ ገበሬዎች መርዙን ቀነሱ፤ እንቁራሪትና ዓሣ እንዲራቡም በማሳው ላይ ውኃ አቆዩ። ሩዙም በተሻለ ዋጋ ይሸጥላቸዋል። እዚያው ጃፓን፣ ናጎያ ላይ፣ በ2010 በተካሄደው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ እንዲህ ያሉ አካባቢዎችን የሚደግፍ ዓለም አቀፍ ትብብር ተመሥርቷል።

ከባሕር የወሰድነው አንድ ምሳሌ ብቻ ነው፤ የሃዋይ የዓሣ ኩሬ። በባሕር ዳርቻ በድንጋይ ይታጠርና በር ላይ የእንጨት ፍርግርግ ይቆማል። ትንንሾቹ ዓሦች ሾልከው ይገባሉ፤ ውስጥ ሲወፍሩ መውጫ ያጣሉ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች በካርቶንና በስንጥር የሠሩት ሞዴል በዓውደ ርእዩ ላይ ከሁሉም በላይ ሰው ሰብስቧል።

በግቢያችንም ሙከራ አደረግን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ሣር ግማሹን አጨድን፣ ግማሹን ተውን። በታጨደው በኩል የበቀለው የዕፅዋት ዓይነት በዝቶ ታየ። ልጆቹ ወዲያው «ተረጋገጠ!» ብለው ጨፈሩ። በአንድ ወቅት ቆጠራ ግን ምንም አይረጋገጥም። ስለዚህ ቆጠራው በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቦታ ይደገማል። መዝገቡ ዘጠነኛ ክፍሎች ጋር ነው፤ መሳተፍ የሚፈልግ ትምህርት ሲከፈት እነሱን ያናግር።