ስልጠናው ደርሶናል፣ አሁን ሥራውን እዩልን፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአይቲ ሠራተኛው ተቀጥሮ ስለሚውልበት ውሎ

ክቡር ሚኒስትር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ውስጥ ሠርቼ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ከቤቴ ሆኜ ለውጭ ድርጅት ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል፣ አንዳንድ ቦታም ይመራል። ስድብ ግን የለበትም፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የምለው ነገር አንድ ነው። ሰው ማሠልጠኑን ይዛችሁታል። የሠለጠነው ሰው ተቀጥሮ ምን እንደሚሠራ፣ አጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደሚያሳየው፣ ለምንስ ዓመት ሳይሞላው ሲቪውን ቴሌግራም ላይ መበተን እንደሚጀምር ግን የሚጠይቅ አላየሁም።

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሐምሌ 2016 ላይ ሲጀመር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የመጣ ነው፤ በነጻ፣ በኢንተርኔት፣ ስልክ ያለው ሁሉ ፕሮግራሚንግም አንድሮይድም ዳታ ሳይንስም መጀመር ይችላል። ማን ይጠላል? የአጎቴ ልጅ ሰርተፊኬቱን ወስዳለች። ሊንክድኢን ላይ ስትለጥፈው እኔም አጨብጭቤላታለሁ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ማስታወቂያው ሁሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። "ዜሮ ዓመት" የሚል ከወጣ ደግሞ ሰልፉ የት እንደሚደርስ እናንተም ታውቁታላችሁ። በድርጅቶቹ አልፈርድም። ጁኒየር ለመቅጠር እሱን የሚያሳይ ሲኒየር ያስፈልጋል። ሲኒየሩ ደግሞ ወይ ናይሮቢ ነው፣ ወይ በርሊን ነው፣ ወይ እንደ እኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ሰው ይሠራል።

እሺ፣ መንግሥት ቤት ተቀጠረች እንበል።

ለመሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ገብተው ያውቃሉ? ለጉብኝት ማለቴ አይደለም፤ ማንም ሳይነገረው፣ እንዲያው ድንገት። ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው፣ አለዚያም ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ። ግማሹን ክፍል የተቃጠሉ ሞኒተሮችና ንብረት ክፍል አልረከብም ያላቸው አሮጌ ሲፒዩዎች ይዘውታል። ሰርቨሩ እዚያው መጋረጃ ተጋርዶለት ተቀምጧል። ኤሲው ከተበላሸ ስለቆየ በሩ ወለል ተደርጎ ቬንትሌተር ተደቅኖበታል። ስልኩ ይጮኻል። "አይቲ፣ ቶሎ ና፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሷል።" የአይቲው ልጅ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ወረቀቱን ነቅሎ ሲወርድ ደግሞ ሂሳብ ክፍል ዋይፋይ ጠፍቷል። ከሰዓት የአንድ ኃላፊ የግል ላፕቶፕ ይመጣለታል፣ "እስቲ ፎርማት አድርግልኝ፣ ፎቶዎቹ እንዳይጠፉ ግን አደራ።" ይህ ልጅ አምስት ኪሎ አምስት ዓመት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተምሮ የወጣ ልጅ ነው። ፕሪንተር መጠገን ነውር ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው። ግን የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ አሳምሮ የሚሠራውን ለእሱ ስትሰጡት የተማረው በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጁ ይወጣል፣ የቴክኒክና ሙያውም ልጅ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሲስተም ከውጭ በጨረታ ይገዛል። ነገሩን ከውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቲኦአሩን፣ ማለትም ምን ዓይነት ሲስተም እንደሚፈለግ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ የሚጽፈው አይቲ ክፍሉ አይደለም፤ ቢጽፈውም ሲጸድቅ ሌላ ነገር ሆኖ ይመጣል። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ርክክቡ ላይ ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል የሁለት ቀን ስልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ እኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገርዎት፤ ስሙን ተዉት፣ ብቻውን ስላልሆነ። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሲስተሙ የተጻፈበት ኮድ፣ አልተሰጠንም። የሰርቨሩ ዋና ፓስወርድ ሻጩ ድርጅት ጋ ነበር። እዚያም ቢሆን ሲስተሙን የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ካናዳ ሄደ። ሲስተሙ በቆመ ቁጥር እኛ አይቲዎቹ ማታ ማታ ለካናዳው ልጅ በቴሌግራም "ወንድሜ፣ ካልተኛህ አንዴ እያት" እያልን መልእክት እንልክ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አንድም ቀን እምቢ ብሎን አያውቅም። መስኮቱ ጋ ያለው ባለጉዳይ ግን የሚሰማው የተለመደችውን ነው፦ "ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ።" ከገጠር ተነስቶ፣ መናኸሪያ አድሮ የመጣ ሰው ነገ ተመለስ ሲባል የሚቆጣው መስኮቱ ላይ ባለችው ልጅ ነው። እሷም ወደ እኛ ትጮኻለች። እኛስ ወደ ማን እንጩህ?

በሌላ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ሩቅ ሳይኬድ ፋይዳን፣ ዲጂታል መታወቂያችንን፣ ማየት ይበቃል። ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ህንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ኮዱን ማንም ከፍቶ ያነበዋል፣ የእኛም ልጆች ገብተው ይነካኩታል። ሁሉም ሲስተም ክፍት ይሁን አላልኩም። ግን መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ነገር ኮዱም ሰነዱም በመንግሥት እጅ ይሁን፤ ሲሠራም ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሦስት ልጆች ከሻጩ ባለሙያዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አብረው ይሥሩ። ይሄ በውሉ ላይ ሁለት መስመር ነው። ለአጎቴ ልጅም የመጀመሪያው የሥራ ልምድ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ደመወዙን ሳላነሳ አላልፍም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ትንሽ ጭማሪ አይደለም፣ አልክድም። ግን አብረን እንቁጠረው። በአዲሱ የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ይነሳል። 7 በመቶ ጡረታ 805 ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር። ጀሞ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ በየቀኑ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ፣ ምሳ በልቶ ምን ይተርፋል? የእኛ ሙያ ደግሞ ካልተማሩበት ቶሎ ያረጃል። ዛሬ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት አንድ የኤአይ ረዳት በወር 20 ዶላር ያስከፍላል። ዶላሩ በባንክ ከ140 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ይህ ልጁ እጅ ላይ ከሚደርሰው ብር ሲሶ ያህሉ ነው። አለቃው የሚገዛለት ይመስልዎታል? አለቃው አንቲቫይረስ ማስገዛት አቅቶት ከርሟል።

ከደመወዙ የባሰው ግን መሰላሉ ነው። ኮድ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ የተሻለ ደረጃ ልያዝ ካለ ቡድን መሪ መሆን አለበት። ቡድን መሪ ከሆነ ደግሞ ኮድ ቀረ፤ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ስብሰባ፣ የሩብ ዓመት አፈጻጸም። እጁ ላይ ሙያ ያለውን ሰው ራሳችን ከሙያው እናወጣዋለን። ሐኪሙ ስፔሻሊስት የሚባል መሰላል አለው፤ ሆስፒታሉን ካላስተዳደርክ አታድግም አይባልም። ለሲስተም አርክቴክቱም፣ ለሴኩሪቲ ባለሙያውም እንዲህ ያለ መንገድ ከሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ጋር ተነጋግራችሁ አውጡለት። ያን ጊዜ ጁኒየሩን የሚያሳይ ሲኒየር ይቀመጣል። ሁሉም ይቀመጣል አልልም፣ እኔም ተመልሼ እገባለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን የሚቀመጥ አይጠፋም።

መጋቢት 2016 ላይ፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በንግድ ባንክ የሆነውን ያስታውሳሉ። ሰው ሂሳቡ ላይ ካለው በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩም የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው አለ። ሀገሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ አወራ፣ ቀለደ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ወጣ። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ግን ስንገናኝ የምናወራው ሌላ ነበር። ማሻሻያው ከመጫኑ በፊት የት ተሞከረ? ያን ሌሊት ተረኛው ማን ነበር፣ ስንት ሰው ነበር? ወደ ነበረበት ለመመለስ ምን ያህል ፈጀ? የማንንም ስም አልፈልግም። ቴክኒካዊ ሂደቱ በሦስት ገጽ ተጽፎ ቢወጣ ግን የሌሎቹ ባንኮች የአይቲ ልጆች ሁሉ ይማሩበት ነበር። ትልልቅ ብልሽቶች ሲደርሱ እንዲህ ያለ ሪፖርት እንዲወጣ መመሪያ ማዘጋጀት የእናንተ ቤት ሥራ ነው።

አሁን ስለ ኢንተርኔቱ። ይሄኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አላረዝምም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ሀገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ጨለማ ውስጥ ነበረች። በ2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ባሕር ዳር ሆኖ ለአውሮፓ ድርጅት ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ በዚያን ጊዜ ላፕቶፑን ይዞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ከረመ። እሱ ዕድለኛው ነው። ዘመድ የሌለው ውሉን አጣ። ደንበኛው ደግሞ አንዴ "ኢንተርኔት ተዘጋብኝ" ከተባለ ሁለተኛ ከዚህ ሀገር ሰው አይቀጥርም፣ ባይናገረውም። የጸጥታ ጉዳይ የእናንተ ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጡ የእኛን እንጀራ የሚያነሳ ሰው ይኑር። የሥራ መስመሮች ሳይቋረጡ የሚቆዩበት መንገድ በቴክኒክ አለ፣ የእናንተ ኢንጂነሮች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሠርተን ብሩን መቀበልም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብናል። ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ መቀበያ እዚህ ለተመዘገበ ድርጅት አይሠራም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሰው በዘመዱ አካውንት ያስገባል፤ ዘመዱ ታክሱ በእሱ ላይ እንዳይመጣ ይፈራል፣ ቤተሰብ ይቀያየማል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ ባወጣው የምንዛሬ ማሻሻያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የዶላር ሂሳብ እንዲከፍት በሩን ከፍቷል። ጥሩ። ይህን ሰምቼ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ውሌን አሳየሁ። ልጅቷ ገልብጣ አየችውና "የላኩት ዕቃ ምንድነው?" አለችኝ። ሶፍትዌር ነው አልኳት። "እሺ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑስ?" እሷ ምን ታድርግ፣ የተሰጣት ቅጽ የተሠራው ለቡናና ለሰሊጥ ነው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድን፣ እሱም ውሉ ላይ የድርጅቱ ክብ ማኅተም የለም አለ። የጀርመን ድርጅት በኢሜይል ተፈራርሞ ነው የሚቀጥረው፣ ማኅተም ከየት ላምጣ? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ከ2012 ጀምሮ አለን፤ ኤሌክትሮኒክ ፊርማንም ያውቃል። ቅርንጫፉ ግን አልሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የእናንተና የብሔራዊ ባንክ ማኅተም ያለበት፣ "ከውጭ ድርጅት ጋር በኤሌክትሮኒክ ውል የሚሠራ ባለሙያ ይህን ይህን ሲያሟላ ያስተናግዱት" የሚል፣ ለየቅርንጫፉ የሚበተን ደብዳቤ። ብሩ በሕጋዊ መንገድ ይገባል፣ ግብሩም ይከፈላል። አሁን በየኪሱና በየዘመዱ የሚዞረው ዶላር ለማን ጠቀመ?

መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሄጄ አይቻለሁ። ንጹሕ ነው፣ ወንበር አለው፣ ሰው በክብር ይስተናገዳል። ሳላመሰግን ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ከጀርባው ያለው ክፍል ግን አሳሰበኝ። እዚያ የተቀመጡት የሲስተም ልጆች እነማን ናቸው? ኮዱ በእጃቸው ነው ወይስ እነሱም ማታ ማታ ለሆነ ሰው በቴሌግራም ይጽፋሉ? ይህን ጥያቄ እርስዎ ሄደው ይጠይቁልኝ። ዳይሬክተሩን ሳይሆን ተረኛውን ልጅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአይቲ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን (ስለ መሰላሉ)
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ (ስለ አንድ ገጿ ደብዳቤ)