ለልጄ፣ ሮም ከመግባትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴም ካለፈው ሳምንት ይሻላል፤ ስለ እርሱ አታስብ።

ማክሰኞ ማታ «ሐሙስ ሮም እገባለሁ፣ በሁለት ቀን ጨርሼው ወደ ቶሪኖ እመለሳለሁ» ያልከኝ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። ሮም በሁለት ቀን የሚጨረስ ነገር ነው እንዴ? ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ደግሞ እህትህ አምልጧት ሁሉንም ነገረችኝ። ባለፈው ወር ባቡር ውስጥ ስልክህንና የገንዘብ ቦርሳህን ወስደውብህ፣ እናቴ ትጨነቃለች ብለህ ደብቀኸኛል። እርሷን እንዳትቆጣት። እኔን የሚያስጨንቀኝ የተደበቀ ነገር ነው፤ ይህን እስከ ዛሬ ማወቅ ነበረብህ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፓስፖርትህን ኪስህ ውስጥ አታድርግ። ስትሄድ የሰፋሁልህ የአንገት ከረጢት ሻንጣህ ታች አለ። አውጣውና ከሸሚዝህ ሥር አድርገው። በተለይ ከተርሚኒ ጣቢያ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂዎች ስሙ የታወቀ ነው።

ተርሚኒ ስትወርድ በቀጥታ ወደ ማደሪያህ አትሩጥ። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ከእኔ ስንት ጊዜ ሰምተሃል፤ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከጣቢያው ጥቂት እልፍ ብሎ ቆሟል፤ በላዩ የተተከለው ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ራምሴስ የድንጋይ ዓምድ ነው። ዛሬ ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳችን ተዘርፎ በሄደ ጊዜ የተቀመጠው እዚያ እግሩ ሥር ነበር። ዘርዓይ ድረስም እ.ኤ.አ. በ1938 ጎራዴውን መዝዞ የተነሣው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩን አላየም፤ ሲሲሊ ውስጥ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ታግዶ ሞተ። ቆመህ በነሐሱ ላይ የተጻፉትን የወታደሮቹን ስሞች አንብብ። የእነርሱም እናቶች አልቅሰዋል።

ፓንቴዮን ሳትገባ እንዳታልፍ። አሁን መግቢያው በገንዘብ ነው፤ ለእርሱ አትሰስት። የጉልላቱ አናት ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውኃው ወለሉ ላይ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ሰው ሁሉ ወደ ሰዓሊው ወደ ራፋኤል መቃብር ይሰበሰባል። አንተ የንጉሥ ኡምቤርቶን ፈልግ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእርሱ ዘመን ነው፤ ዓድዋ ላይ ድል የተመታውም የእርሱ ጦር ነው። እዚያ ኮፍያህን አውልቅ። እርሱም እንደ ሌላው ሰው ሟች ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ስትሄድ ቁምጣ እንዳትለብስ፤ ጉልበትና ትከሻው ያልተሸፈነ ሰው ከበር ይመለሳል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። መነኮሳቶቻችን ከስንት አገር ተሻግረው ያድሩ የነበሩት እዚያ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 በግዕዝ አዲስ ኪዳንን ሲያሳትሙም ኑሯቸው እዚያ ነበር። እንደ ልብ ስለማያስገቡ ካልተፈቀደልህ የባዚሊካውን ጉልላት 551 ደረጃ ውጣና ከላይ ሆነህ ወደ ግቢው ተመልከት። አንተ ጉልበት አለህ። ፎቶግራፍ ለማንሳት ስትንጠራራ ግን ከረጢቱ ከሸሚዝህ እንዳይወጣ።

አሁን ለአባትህም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርህ።

በ1981 ዓ.ም. ለሦስት ወር ሥልጠና ጣሊያን ስላክ አያትህ ከደብረ ብርሃን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጡ። በአርበኝነት ጊዜ የተመታው ግራ እጃቸው ሦስት ጣት ብቻ እንደነበረው ታውቃለህ። በደህናው እጃቸው ትከሻዬን ያዙና «ሮም ስትደርሺ የአክሱም ሐውልት ወደ ቆመበት ሂጂ። እኔ አልደርስበትምና በእኔ ፈንታ በእጅሽ ንኪው» አሉኝ። ሌላ አንዳች አላዘዙኝም። ሞሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም አስጭኖ ካስወሰደው ወዲህ እንደ ቁስል የሚያማቸው ነገር ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በሰላም ውል በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ፈርማ፣ እኔ ስሄድ አርባ ዓመት አልፎ ነበር።

ሮም የነበረኝ አንድ ቀን ነው። ጠዋት አብረውኝ የሠለጠኑት ነርሶች ገበያ እንውጣ አሉ፤ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ተከተልኳቸው። አንድ ቡናማ ጫማ አየሁ፤ በጎኑ ትንሽ የነሐስ ዘለበት ያለው። የእኔ ቁጥር አልነበረም። ሻጯ ከሌላ መደብር አስመጣልሻለሁ አለችኝና ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጫማውን ይዤ ስወጣ መሽቷል፤ አውሮፕላኔ በዚያው ሌሊት ነበር።

ቤት ስገባ አባባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። «ነካሽው?» አሉኝ። «ነካሁት» አልኳቸው። «ድንጋዩ ይቀዘቅዛል?» «ይቀዘቅዛል፣ አባባ።» እጄን ያዙና መዳፌን ከፍተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ብዙ ቆዩ።

«እማዬ፣ ለምን አታደርጊውም?» እያልክ ያደግህበት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጫማ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሮም ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የኖርኩትም ለዚህ ነው።

አባባ በ1985 ዓ.ም. አረፉ። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አክሱም ላይ ተመርቆ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ፊት ሳለቅስ «እማዬ ደስ ብሏት ነው» ብለህ ለአባትህ ስትነግረው ሰምቼሃለሁ። ሄጄ ልነካው ስል ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ አሁን ደግሞ ጉልበቴ።

ኮሎሲየም ስትሄድ ትኬቱ በስም ስለሆነ መታወቂያ ይጠይቁሃል። ፓስፖርትህን አሳይና እዚያው ወደ ከረጢቱ መልሰው፤ በእጅህ ይዘህ አትዙር። ስትወጣ አጠገቡ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ውድድሩን የጨረሰው እዚያ ሥር ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የሄደው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ነበር። አስቀድሞ ከአሠልጣኙ ጋር የመረጡት ቦታ ነው።

አንተ ከቅስቱ ተነሥተህ የእርሱን መንገድ ወደ ኋላ ሂድ፤ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ፣ ቀጥ ብለህ። አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ትደርሳለህ፤ ያ ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ የቆመው እዚያ ነበር። አሁን የለም። ጎንበስ ብለህ መሬቱን ንካ። ከዚያ ደውልልኝ፤ ምንም ሰዓት ቢሆን አነሣለሁ።

ለፋሲካ ስትመጣ አክሱም እንሄዳለን። ገንዘብ አስቀምጫለሁ፤ ደረጃና ዳገት ካለ ትደግፈኛለህ።

ውኃ በገንዘብ አትግዛ፤ በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ አለ፣ ጠርሙስህን ሙላ። በተርሚኒ አካባቢ ሌሊት ብቻህን አትቁም። ማታ ማታ ለእህትህ መልእክት ላክ። ፓስፖርትህን ኪስህ ውስጥ አታድርግ፤ የኔ ጌታ፣ እባክህን።

ለእኔም ጫማ እንዳትገዛልኝ።

የምትወድህ እናትህ